የሾፌሩ ልጅ ኮምፒዩተር

ስለ ኮምፒዩተሩ ከሆነ የፈለጋችሁትን ጠይቋት። ፕሮሰሰሩ የስንተኛው ትውልድ እንደሆነ፣ ሜሞሪው ስንት እንደሆነ፣ ማራገቢያው ምን ሲጫንበት መጮህ እንደሚጀምር አንዲት ሳታዛንፍ ትነግራችኋለች። በዚያው ኮምፒዩተር ላይ አንድ የሞተ ወጣት የሠራውን ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳምጣለች። ስለ ዘፈኑ ግን አትጠይቋት። አንድ ስንኝ አታስታውስም፤ ዜማው ወደየት እንደሚወጣ፣ ወደየት እንደሚወርድ አታውቅም። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የክፍል ጓደኞቿ «ጆሮ» ይሏታል። ሲያሾፉባት አይደለም። የድምፅ ቅንብር ተማሪ ናት፤ ሌላው ደጋግሞ አዳምጦ ያለፈውን ሽውታ እሷ ገና በሩ ላይ ቆማ ትይዘዋለች። «ማነው ማይክሮፎኑ አጠገብ ማራገቢያ የከፈተው?» ትላለች፤ ሰው ሁሉ ዞር ሲል እውነትም ማራገቢያ አለ። በዚህ ጆሮዋ ትኮራለች፤ መኩራቷም አይገርምም፣ ሌላ የምትኮራበት ነገር አልነበራትም።

ያን ዓመት የመመረቂያ ሥራዋን ማስረከብ ነበረባት። የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተሮች ግማሾቹ ታመዋል፣ ግማሾቹ ሞተዋል፤ በቀሩት ላይ ያለው ወረፋ ደግሞ ጠብ ያለሽ በዳቦ ነው። የራሱ ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ ጀምሮ አይጨርስም። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። በሞተር የሚሠራ የስፌት መኪና እገዛለሁ ብላ ስታጠራቅም የኖረችውን አውጥታ እጇ ላይ አደረገችላት።

«የኔ መኪና ይቆየኛል፤ እግሬ ገና አልደከመም» አለቻት። «ግን እወቂ፣ ሁለተኛ የለም። ከተሳሳትሽ ተሳሳትሽ።»

ይቺ ነገር ጆሮን እንቅልፍ ነሳቻት። ከዚያ በኋላ የከተማውን ኮምፒዩተር ሁሉ ስታገላብጥ ከረመች። በአንደኛው ሱቅ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀጭን ነገር አሳዩዋት። ነጋዴው «ይሄ ለሁሉም ነገር ይሆናል» አላት። ሜሞሪው ትንሽ ነው፣ ያውም ከቦርዱ ጋር ተበይዷል፤ ነገ ሲደላኝ ልጨምርበት ቢሉ አይጨመርም። ሰባት ስምንት ድምፅ ከደራረበችበት እየተቆራረጠ መንተፋተፍ ይጀምራል። በሌላ ሱቅ ያገለገለ ዕቃ አገኘች፤ ላዩን በቅባት ወልውለውታል፣ ሆዱን ስትዳብሰው ግን ባትሪው አብጧል። ሌላ ቦታ ደግሞ ጉልበታም የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነበር፤ ዋጋውም ደህና ነው፣ ግን ዘፋኝ ቤት ድረስ ተሸክማው አትሄድም፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል።

«ባል ልትመርጪ ነው እንዴ?» አለች እህቷ፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

«ባል ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የባል ድምፅ ቢቆራረጥ ሐኪም ያየዋል።»

እህቷ ሳቀች። ጆሮ ግን አልሳቀችም፤ ማስረከቢያው እየቀረበ ነበር።

በዚህ መሀል ነው በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ያየችው። «ለሙዚቃ የሚሆን ኮምፒዩተር ይሸጣል» ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ሌላ ተማሪ ሳይቀድማት ደውላ ቤቱን ጠየቀችና ዝናቡን ጥሳ ሄደች።

በሩን የከፈቱላት ፀጉራቸው የሸበተ፣ የአውቶቡስ ሾፌር ዩኒፎርም የለበሱ ሰው ነበሩ። ብዙም ሳያናግሯት በጠባቡ መተላለፊያ ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል መሯት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። አልጋው ተነጥፏል፤ ጠረጴዛው ላይ ከኮምፒዩተሩ፣ ከጆሮ ማዳመጫና ከሁለት ትንንሽ ስፒከሮች በስተቀር አንዳች ነገር የለም። የስክሪኑ አንድ ጥግ ተሰንጥቋል። ጆሮ ስንጥቁን ስታይ ደስ አላት፤ ስክሪን አይዘፍንም፣ ስንጥቅ ግን ዋጋ ያወርዳል።

«ባለቤቱ ለምን ይሸጠዋል?» ብላ ጠየቀች።

«ከእንግዲህ አይፈልገውም» አሉ ሾፌሩ።

የተሻለ ገዝቶ ይሆናል አለች በልቧ። ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና ውስጡን ማየት ጀመረች። ሜሞሪው እሷ ከምትመኘው እጥፍ ነው። ዲስኩም የድሮው የሚሽከረከረው ሳይሆን ፈጣኑ ነው፤ በዚህ ነገር ላይ ከማንም ጋር አትደራደርም ነበር፣ ሥራ ሲከፈት ተቀምጦ ማዛጋት አትወድም። የቀረው በጭነት መፈተን ነው። በፍላሽ ይዛ የመጣችው የራሷ ሥራ ግን አልከፈት አላት፤ የባለቤቱ ፕሮግራም የቆየ ነበር። ስለዚህ እዚያው ውስጥ የባለቤቱን ሥራዎች አንድ በአንድ እያየች ከሁሉም የሚከብደውን ፈለገች። አገኘችው። ከሠላሳ በላይ ድምፅ የተደራረበበት ነው፤ ስሙ «ለእማዬ» ይላል።

የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀችና ከፈተችው። ወጣት ወንድ ነበር የሚዘፍነው፤ ይህን ያህል ታስታውሳለች። ዓይኗ የማሽኑን ጫና በሚያሳየው መስመር ላይ ተተክሏል፤ ጆሮዋ ደግሞ መንተፋተፍን ይጠብቃል። መሀል ላይ ድምፆቹ ሁሉ ተሰብስበው ገቡ፤ መስመሩ ከግማሽ አለፍ ብሎ ቆመ። ማራገቢያው እንደ ሹክሹክታ ያለች ድምፅ አሰማና ዝም አለ። እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆራረጠም።

ማዳመጫውን ስታወልቅ ሾፌሩ በሩ ላይ ቆመው የካርቶኑን ግድግዳ ያዩ ነበር።

«ይሠራል?»

«እንዴት አድርጎ!» አለችና ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች።

ሾፌሩ ዋጋ ጠሩ። እሷ ለክርክር ብላ መንገድ ላይ ስታጠናው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ፤ የጠሩት ከያዘችው በታች ነው። ቆጥራ ሰጠቻቸው፤ ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት። ኮምፒዩተሩን አቅፋ በሩ ላይ ስትደርስ ነው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ያደረጉት።

«ባለቤቱ ልጄ ነበር። አረፈ፤ ታሞ ብዙም ሳይቆይ» አሉ። «ቤትሽ ስትገቢ ያለበትን ሁሉ አጥፊልኝ። የሱን ነገር ማንም እንዲከፍተው አልፈልግም።»

ጆሮ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላ ቆመች። ፍላሹ ኪሷ ውስጥ ነበር። ተመልሼ ልግባና ሥራውን ልገልብጥልዎ፣ አንድ ቀን ይፈልጉት ይሆናል ማለት አንድ አፍታ አይፈጅም። ያን ጊዜ አስባውም ነበር። ግን ወደዚያ ክፍል ተመልሰው ቢገቡ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ፣ ኮምፒዩተሩም ይቀርብኛል ብላ ፈራች። እውነቱ ይሄ ነው፤ ሌላ ምክንያት ብትደረድር አትመኗት።

ያገለገለ ኮምፒዩተር የገዛ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ያን ዕለት አደረገች፤ ዲስኩን ጠራርጋ ፕሮግራሙን ሁሉ እንደ አዲስ ጫነች። አባትየውም አጥፊ ብለዋል፣ የመሣሪያ ድምፆቿም ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ። ማሽኑ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ተጫነችው። እህቷ ትከሻዋ ላይ ተደግፋ ታይ ነበር።

«አሁን ያንቺ ሆነ?» አለች።

«አሁን የኔ ሆነ።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ሰመረላት። የመመረቂያ ሥራዋን ከግማሽ በላይ አደረሰች። አንድ ቀን ከክፍል ስትወጣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጠራትና አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጡ ሴት አሳያት። ጥቁር ለብሰዋል፤ እጃቸው ላይ ካለው እርጥብ ጃንጥላ ውሃ ይንጠባጠባል። የመጣ የወጣውን ተማሪ ሁሉ «የአውቶቡስ ሾፌር ኮምፒዩተር የገዛችው ልጅ አንቺ ነሽ?» እያሉ ሲጠይቁ ነበር የዋሉት።

«እኔ ነኝ» አለች ጆሮ።

«የልጁ እናት ነኝ» አሉ። «ዕቃውን መልሺ ልል አይደለም፣ አይዞሽ። እኔ እህቴ ጋ ተኝቼ ነበር፤ ከቀብሩ በኋላ አልቻልኩም፣ እሷ ወሰደችኝ። ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው። አባቱ ማየት አልቻለም፤ እኔ ደግሞ መስማት አማረኝ። አንዴ ብቻ አሰሚኝና እሄዳለሁ።»

ጆሮ እውነቱን መናገር የነበረባት ያኔ ነው። እሷ ግን «ዛሬ ቤት ነው ያለው፣ ነገ ቤት ይምጡ» ብላ አድራሻዋን ነገረቻቸው። እናትየው ግንባሯን ስመዋት ሄዱ። የሳሟት ቦታ ቤት እስክትደርስ አልደረቀም መሰላት።

ኮምፒዩተሩን ይዛ በቀጥታ ወደ ጠጋኝ ሮጠች። ጠጋኙ ጠባብ ሱቁ ውስጥ በካቻቢቴዎች መሀል ተቀምጦ ሰማትና ራሱን ነቀነቀ።

«የድሮው የሚሽከረከረው ዲስክ ቢሆን ቧጥጬም ቢሆን የሆነ ነገር አወጣልሽ ነበር» አለ። «ይሄ ፈጣኑ ግን የተሰረዘውን ራሱ ነው የሚያጸዳው። ደግሞ ስንት ነገር ጭነሽበታል!»

«ሞክር እባክህ።»

ሞከረ። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ስትበላ ቆየች። የወጣው የራሷ የከበሮ ድምፅ ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። ሒሳብም አልተቀበላትም፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አሳፈራት።

ለእህቷ ሁሉንም ነገረቻት። እህቷ የስፌት መኪናውን አቆመች።

«አንቺ ሰምተሽዋል አይደል? ካንቺ ወዲያ የሰማው የለም። የሰማሽውን ንገሪያቸው።»

«አልሰማሁትም።»

«አሁን ሰማሁ አልሽኝ እኮ!»

«ማሽኑን ነው የሰማሁት።»

እህቷ ይሄ አልገባኝም ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ጆሮ ግን ያን ቀን ማዳመጫዋን አጥልቃ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች፤ ቢያንስ የመጀመሪያዋን ድምፅ ላገኛት ብላ። ትዝ ያላት መስመሩ ከግማሽ አለፍ ብሎ መቆሙ ነው። ጊታር ነበር? ፒያኖ ነበር? ልጁ ሲዘፍን ድምፁ ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን? ባዶ። የሰው ሁሉ ስህተት የሚለቅመው ያ ጆሮ የሰው ልጅ ሙሉ ዘፈን አስገብቶ ምንም አላስቀረም። አለቀሰች፤ ለራሷ ይሁን ለልጁ እሷም አልለየችውም።

በማግስቱ እናትየው መጡ። ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሰው ነበር፤ ይሄ የጆሮን አንጀት በላው። እህቷ ወንበር ሰጥታቸው ጨርቅ ላደርስ ብላ ወጣች። ኮምፒዩተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። እናትየው የተሰነጠቀውን ጥግ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይቺን እኔ ነኝ የሰበርኳት፤ ስጠርግ። ተቆጣኝ፣ መልሶ ደግሞ ሳቀ» አሉ። «በይ ልጄ።»

ጆሮ ቆማ ነገረቻቸው። አባትየው አጥፊ እንዳሏት፣ እንዳጠፋችው፣ ጠጋኝ ጋ ወስዳው የጠፋው እንዳልተመለሰ። እናትየው አቋረጧት አላቋረጧት አታውቅም፤ ሲበቃት ዝም አለች።

«አጠፋሽው» አሉ።

«አጠፋሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

እናትየው እጃቸውን ከስክሪኑ ላይ አነሱ። አልጮኹም፣ አልተራገሙም። ቢራገሙ ይሻላት ነበር።

«ሳይጠፋ አንቺ አልከፈትሽውም?»

«አንዱን ከፍቻለሁ። ኮምፒዩተሩን ለመፈተን።»

የሴትዮዋ ፊት ሲበራ ማየት ከባድ ነበር። ወደ ወንበሩ ጫፍ ተሳቡ። «እሺ እንዴት ነው? ምን ይላል? እኔ እኮ አንድም ቀን አላሰማኝም። ሲያልቅ ትሰሚዋለሽ ይለኛል፣ ከግድግዳ ወዲያ ሲያንጎራጉር ብቻ ነው የምሰማው፤ ቃሉ አይለይም። አንቺ ሰምተሽዋል። እስቲ አንጎራጉሪልኝ፣ ትንሽ።»

ጆሮ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የሆነ ዜማ ፈጥራ ብታንጎራጉር ማን ያውቅባታል? ሙያዋ አይደል? ግን አልቻለችም።

«አላስታውሰውም» አለች። «ማሽኑ ይንተፋተፍ እንደሆነ ነበር የማዳምጠው። ዘፈኑን አላዳመጥኩትም።»

እናትየው ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ስምስ? ስም ነበረው?»

እዚህ ላይ ነው የጨነቃት። እጇ ላይ የቀረችው ይቺ ብቻ ናት። ብትነግራቸው ለእኔ የተሠራ ዘፈን ነበር፣ ጠፋ ብለው ዕድሜ ልካቸውን ሊንገበገቡ ነው። ብትደብቃቸው ያልነበረ ነገር አይቆጭም። ለእሳቸው ብዬ ነው አለች በልቧ፤ ለራሷም እንደሆነ ግን ታውቃለች።

«ስም አልነበረውም። ቁጥር ነው የተጻፈበት» አለች፤ ዓይኗን በጨው አጥባ።

እናትየው ተነፈሱ። ትከሻቸው ወረደ። «እንዲያ ከሆነ የሙከራ ነው» አሉ። «ለነገሩ ያንቺን ዘፈን እየሠራሁ ነው ይለኝ ነበር። የኔ ነገር፣ አምኜው ነበር እኮ! ረስቶታል ማለት ነው። ልጅ አይደል፣ ይረሳል። አልፈርድበትም፤ ይቅር ብዬዋለሁ።»

ጃንጥላቸውን አንስተው፣ «ትምህርትሽን በርቺ» ብለዋት ወጡ። ጆሮ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። የደረጃው ብረት እጀታ ሲንቀጠቀጥ ይሰማታል፤ በዝግታ ነው የሚወርዱት። ያላጠፋውን ጥፋት ይቅር አሉት። መከራከር የማይችል ሰው ላይ ነው የዋሸችው። ይሄ ሐሳብ ሲገባት ጫማ እንኳ ሳታደርግ ወጥታ ደረጃውን ወረደች። መታጠፊያው ላይ ደረሰችባቸው።

«ስም ነበረው» አለች፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ዋሽቻለሁ። 'ለእማዬ' ነው የሚለው።»

እናትየው እጀታውን ይዘው ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጃንጥላው ከእጃቸው ወድቆ ሁለት ደረጃ ተንከባለለ፤ ማንም አላነሳውም።

«ቅድም ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ፈርቻለሁ። ግን ረስቶኛል አሉ። አልረሳዎትም።»

«ጨርሶት ነበር?»

«መጨረሻ ነበረው። እስከ መጨረሻው ድረስ ሄዷል።»

«አንቺም እስከ መጨረሻው ተቀምጠሽ ነበር።»

«ነበርኩ።»

እናትየው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ጆሮ ከእሳቸው በታች ባለው ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ ሲሚንቶው እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። እንዲመቷት ትፈልግ ነበር፤ አልመቷትም።

«ድገሚው» አሉ በመጨረሻ።

«ለእማዬ።»

«እንደሱ አይልም።» እጃቸውን ከፊታቸው አነሱ። «አንቺ እንደ ወረቀት ነው የምታነቢው። እሱ ሲጠራኝ መሀሉን ይጎትተዋል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ድምፁን ይጥለዋል፣ የሰለቸው ይመስል። አልሰለቸውም፤ ልማዱ ነው።» ከዚያ ልጃቸው እንደሚጠራቸው አድርገው ራሳቸውን ጠሩ፣ «እማዬ» አሉ። ከላይ አንድ ጎረቤት በሩን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«በይ አንቺ በይው።»

ጆሮ አለችው።

«አይደለም» አሉ እናትየው፤ እንባቸውን አልጠረጉም። «እንደገና።»